ከትከት ስትፈራ

ሴትየዋ ስትፈራ ትስቃለች። ነገሩ ይኸው ነው። ሌላው ሰው ሲፈራ ፊቱ ይገረጣል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል ወይም እግሬ አውጪኝ ይላል። እሷ ከት ብላ ትስቃለች። ትክክለኛ ስሟ አላት፤ የሚጠራት ግን የለም። ሰፈሩም መሥሪያ ቤቷም ከትከት ይላታል። ራሷም ስልክ ስታነሳ «ከትከት ነኝ» ነው የምትለው።

ከውሻ ጀመራት ይላል ቤተሰቡ። ሕፃን ሳለች የጎረቤት ውሻ አጥር ጥግ አስጠግቷት ሲያጉረመርም፣ ሆዷን ይዛ ስትስቅ ተገኘች። ውሻው ግራ ገብቶት ሄደ። እናቷ «ልጄ ጀግና ናት» ብለው ለሰፈሩ አወሩ። ጀግንነቱ ትምህርት ቤት እስክትገባ ቆየ። የሒሳብ አስተማሪዋ ማስመሪያ አንስቶ «እጅሽን ዘርጊ» ሲላት ሳቀች። ስለሳቀች ተጨመረላት። ሲጨመርላት ፈራች፤ ስትፈራ ሳቀች። የዚያን ቀን ሁለቱም ደክሟቸው ነው የተለያዩት።

ትልቁ ጣጣ ግን ቤተ ክርስቲያን ነበር። ሁሉም ዝም ሲል፣ ቄሱ እጃቸውን ሲያነሱ፣ ምእመኑ አንገቱን ሲደፋ፣ ከኋላ መደዳ አንድ ድምፅ ይነሳል። መጀመሪያ እንደ ማስነጠስ ነው፤ ቀጥሎ እንደ ዶሮ፤ ከዚያ በኋላ ማንነቱ አያጠራጥርም። አባቷ በሕይወት ሳሉ በክርናቸው ጎኗን ጎሸም ያደርጓት ነበር። አባቷ ሲቀበሩም ሳቀች። ሰፈሩ ያንን አልረሳላትም። እሷ ስለዚያ ቀን ስትጠየቅ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አፈሩ ሲወድቅ ፈራሁ።»

የምትሠራው መስታወት ቤት ነው። መጀመሪያ የተቀጠረችው ለጽዳት ነበር። አንድ ቀን ቆራጩ ሲቀር መቁረጫውን አነሳች፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አልቀማትም።

መስታወት ይቆረጣል ይባላል እንጂ አይቆረጥም። ይጫራል፣ ከዚያ ይሰበራል። ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ጨርቅ ተነጥፏል። የመቁረጫውን ጫፍ ዘይት ነካ አድርጎ፣ ማስመሪያውን አስጠግቶ፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ መሳብ ነው። መሃል ላይ ቆሞ ያሰበ አበቃለት። መስመሩን የደገመም አበቃለት። ከዚያ ጭረቱን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስተካክሎ ጫን ማለት ነው። ወይ እንደ ብስኩት ቀጥ ብሎ ይለያል፣ ወይ መንገድ ስቶ ወደ ደረት ይመጣል።

ባለቤቱ ሰፊ ሆድና ጠባብ ትዕግሥት ያለው ሰው ነው። ከትከት ጋሼ ትለዋለች። መጀመሪያ አካባቢ በሳቋ ምክንያት ሊያባርራት ነበር። ቆይቶ አንድ ነገር አስተዋለ። የፎቶ ክፈፍ የሚያክለውን መስታወት ስትቆርጥ አትስቅም፤ የሚበላሸው ደግሞ እሱ ነው። ሰው የሚያክለው መስታወት ጠረጴዛው ላይ ሲጋደም ሳቋ ጣሪያውን ያነሳዋል፤ መስመሩም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣ።

«ሳቋን ካልሰማሁ ትልቁን አላስነካትም» ይላል። «ዝም ካለች ልቧ ሌላ ቦታ ነው።»

ደንበኞች ይህን ሕግ አያውቁም። የሱቃቸው መስኮት በምትንከተከት ሴት እጅ ሲወዛወዝ ሲያዩ ወጥተው በረንዳ ላይ የሚጠብቁ አሉ።

ታናሽ እህቷ ብዙ ዓመት ጠብቃ ሴት ልጅ ወለደች። ከትከት ሆስፒታል ስትደርስ እህቷ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች።

«ክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ» አለቻት።

ከትከት ሳቀች።

«እሺ ማለትሽ ነው?»

«አዎ! ኧረ አዎ!»

ከትከት አላገባችም፣ አልወለደችም። ይህን ስትናገር ድምፅዋ አይለወጥም። የዚያን ዕለት ግን ከሆስፒታል ቤቷ ድረስ በእግሯ ሄደች። አውቶቡስ የሚባል ነገር መኖሩን ረስታ ነበር።

የእህቷ ባል አክስት አሉት። ሰው ሁሉ እትዬ ሥርዓት ይላቸዋል፤ ፊት ለፊታቸውም ጭምር። እሳቸው ስድብ አይመስላቸውም። ወንበር ተጣሞ ካዩ ያቃናሉ፤ ሰው ተጣሞ ካዩም እንዲሁ። አራሷን ሊጠይቁ መጡ። ሕፃኗን ታቀፉ፣ ጥፍሯን መረመሩ፣ አመሰገኑ። ከዚያ ጠየቁ።

«ክርስትና እናቷ ማናት?»

«እህቴ።»

«የትኛዋ?»

«ያለችኝ አንድ ናት እትዬ።»

«ያቺ የምታሽካካዋ?»

 እትዬ ሥርዓት ሕፃኗን ይበልጥ አጥብቀው ያዙ።

«ክርስትና እናት ማለት እኮ ልብስ ገዢ ማለት አይደለም። በልጅቱ ፈንታ ቆማ ሰይጣንን የምትክድ ናት። እያሽካካች ልትክደው ነው? ይቀልድብናል እኮ! እግዚአብሔርን የማትፈራ ሴት ለልጅ ምን ታስተምራለች?»

ባልየው ጉሮሮውን ጠረገ። «አክስቴ፣ ሳቋ እኮ…»

«አንተ ዝም በል። ያሳደግኩህ እኔ ነኝ፤ ስህተቱ የት እንዳለ አውቃለሁ።»

ከዚያ ቀጥ ብለው ወደ ቄሱ ሄዱ።

ቄሱ ቀጭንና ረጅም ናቸው፤ መነጽር ያደርጋሉ። ለሁሉም ነገር «እናያለን» ይላሉ። «እናያለን» ካሉ አይሆንም ማለታቸው እንደሆነ ምእመኑ ከለመደ ቆይቷል። ከትከትን አስጠሯት። እህቷ ሳቁን እንዲይዝላት ብላ ከረሜላ አጉርሳ ላከቻት።

ቢሮው ጠባብ ነው። ሁለት የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ትኩስ ሻይ። ቄሱ እንድትቀመጥ በእጃቸው አሳዩአት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ልጄ» አሉ፣ ቀስ ብለው፣ «እግዚአብሔርን ትፈሪያለሽ?»

ከዚህ በላይ የሚያስፈራ ጥያቄ አልነበራቸውም። ከትከት ከንፈሯን ነከሰች። አፍንጫዋን ያዘች። ከዚያ ፈነዳች። ከረሜላው ተስፈንጥሮ ጠረጴዛውን አቋረጠና ጠብ ብሎ የቄሱ ሻይ ውስጥ ገባ።

ቄሱ ብርጭቆውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ሎሚ ነው?» አሉ።

«ብርቱካን» አለች። ከዚያ በኋላ መነጋገር አልተቻለም። በምልክት ይቅርታ ጠየቀች፣ በምልክት ተነሳች፣ በሩን ስታጣ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ቄሱ እስከ ደጅ ሸኟት።

«እናያለን» አሉ።

ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ሳቁ እንደ መጣ ሄደ። እትዬ ሥርዓት እውነታቸውን ቢሆንስ? ውሻ ስትፈራ ትስቃለች። አስተማሪ ስትፈራ ስቃለች። እግዚአብሔርን ግን በእርግጥ ፈርታው ታውቃለች ወይስ ልማድ ሆኖባት ነው? እግዚአብሔር ከላይ ሆኖ የሚሰማው ፍርሃት ነው ወይስ ንቀት? ይህን ስታስብ አልሳቀችም። አለመሳቋ ደግሞ ይበልጥ አስጨነቃት።

እህቷ ተስፋ አልቆረጠችም። «መለማመድ ነው» አለች። ባሏ ትከሻው ላይ ፎጣ ጣል አድርጎ ቄስ ሆነ። የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ውኃ ተሞላ። ትራስ በሕፃን ልብስ ተጠቅልሎ ለከትከት ተሰጣት። ሕፃኗ ራሷ ጥግ ላይ ተኝታለች፤ እህቷ ምእመን ናት።

«ሰይጣንን ትክጃለሽ?» አለ ባልየው፣ ድምፁን አወፍሮ።

«እክዳለሁ» አለች ከትከት፣ እንደ ዜና አንባቢ።

እህቷ አጨበጨበች። «ተፈወስሽ!»

«ሥራውንስ ሁሉ ትክጃለሽ?»

«እክዳለሁ።»

«ፍጹም?»

«ፍጹም» አለችና ላቧን ለመጥረግ እጇን ስታነሳ ትራሱ አምልጧት ገንዳው ውስጥ ጧ አለ።

ውኃው ሁሉንም አረሰረሳቸው። ባልየው ፎጣውን አስተካከለ። «እንግዲህ…» አለ፣ «ተጠምቃለች።»

እህቷ ግን አልሳቀችም። ትራሱን አየችው። እየጠጣ ይሰምጣል።

«ሳትስቂ ጣልሻት» አለች።

«ትራስ እኮ ነው!»

«እየሳቅሽ የጣልሽው ነገር አለ?»

ከትከት አሰበች። «ትልቅ ነገር? የለም።»

«ልጄን ትናንት ስትይዣት ምን አደረግሽ?»

«ምን አደረግኩ? ሳቅኩ እንጂ። ጎረቤት ግድግዳ አልመታም እንዴ?»

እህቷ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች። ባሏ «አራስ እኮ ነሽ፤ ወዴት ነው?» አላት።

«እግሬ አልወለደም» አለችና ወጣች።

ቄሱን ያገኘቻቸው የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነው። ነገሩን አላረዘመችውም። «አባ፣ እህቴን ቢሮ ውስጥ አይመርምሯት። ሥራ ቦታዋ ሄደው ይዩአት። ከዚያ በኋላ እምቢ ካሉ እምቢ ይበሉ።»

«እናያለን» አሉ ቄሱ።

«አይ አባ፣ የምሬን ነው። ይሂዱና ይዩ።»

ቄሱ በቅስና ዘመናቸው ሁሉ «እናያለን» ብለው ያላመለጡት የመጀመሪያው ሰው እሷ ሳትሆን አትቀርም። ጥምጣማቸውን አኑረው ኮታቸውን ለብሰው ሄዱ።

በዚያ ቀን መስታወት ቤቱ የፀጉር ቤት መስታወት እየሠራ ነበር፤ ግድግዳ ሙሉ። ሌላው ሠራተኛ ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዷል። ጋሼ ወገቡን አሞት ከወንበሩ ሆኖ ያዛል። ከትከት ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላለች። ቄሱ በሩ ላይ ቆሙ፤ አላየቻቸውም።

መቁረጫውን ስታሳርፍ ሳቁ ተነሳ። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ጀርባዋ ይንቀጠቀጣል። ቄሱ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሲገልጡት መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ሄዶ አልቋል። እጇን አዩት። ሰውነቷ ሁሉ ሲናጥ እጇ ብቻ አይንቀጠቀጥም። ጭረቱን ጠርዙ ላይ አስተካክላ፣ «ወይኔ ወይኔ ወይኔ» እያለች ስትንከተከት፣ ጫን አለች። ቀጭ። ተለየ።

ጋሼ በሩን አየ። «ወንድም! እጅህ ሥራ ፈቷል?»

«እኔ?» አሉ ቄሱ።

«ከኋላህ ሌላ ሰው አይታየኝም። ጓንቱን አጥልቅና ያንን ጫፍ ያዝ። ግድግዳው ጋ ካለው መደገፊያ ድረስ ብቻ ነው።»

ቄሱ እምቢ ለማለት አፋቸውን ሲከፍቱ ጓንቱ እጃቸው ላይ ነበር። ያዙ። ተነሳ። መስታወት አንዴ ከተነሳ መደገፊያው ጋ እስኪደርስ መልሶ ማስቀመጥ የለም። ከትከት ከወዲያኛው ጫፍ ቀና ስትል ያየችው የቄሱን ፊት ነው።

እስከዚያች ሰዓት የሳቀችው ለካ ማሟሟቂያ ነበር።

«አባ!» አለች፣ እየተንፈቀፈቀች። «አባ ነዎት?»

«እኔ ነኝ! ይወዛወዛል እኮ!»

«ይወዛወዛል! አይጨብጡት! እንዳይለቁትም!»

«ታዲያ ምን ላድርገው?»

«ይፍሩት!»

ቄሱ ወደ መስታወቱ ዞሩ። መስታወቱ ውስጥ ጓንት ያጠለቀ፣ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ፣ ዓይኑ የፈጠጠ ቀጭን ሰው ራሱን ተሸክሞ ሲንገዳገድ አዩ። ያ ሰው ቢሳሳት ግድግዳ የሚያክለው ነገር በአንድ ትንፋሽ ዱቄት ነው። ከሆዳቸው አንድ ነገር ተነሳ። መጀመሪያ እንደ ማስነጠስ ነበር። ቀጥሎ እንደ ዶሮ።

«ልጄ፣ አታስቂኝ!»

«እኔ አይደለሁም! እሱ ነው!»

«እግሬን አላየውም!»

«እኔም የእርስዎን አላየውም! ወደ ግራ!»

«የማን ግራ?»

እንደ ሸርጣን በጎን በጎን እየሄዱ፣ ሁለቱም እንባቸው እየወረደ፣ አንዱ ሲበርድለት ሌላው እየቆሰቆሰው፣ ወለሉን አቋረጡ። ጋሼ ወንበሩ ላይ ቆሟል፤ ወገቡን ረስቶታል። «አንዷ አልበቃ ብላኝ!» ይላል። «ሁለት ሆኑብኝ! ዛሬ አለቀልኝ!» መንገደኛ በሩ ላይ ተሰበሰበ። መስታወቱ መደገፊያው ላይ ሲያርፍ ድምፅ እንኳ አላሰማም።

ቄሱ አንድ ባዶ ሣጥን ላይ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። ከትከት አጠገባቸው ቆመች፤ ትንፋሽዋ ገና አልተመለሰም።

«ይቆርጠኛል ብለሽ ነው የምትፈሪው?»

«ቆርጦኝ ያውቃል አባ። ቁስል ይድናል።»

«ታዲያ ምኑን ነው?»

«በእኔ እጅ እንዳይሰበር ነዋ። ይዩት እስቲ እንዴት እንደሚያምር!»

ቄሱ አዩት። «ቤተ ክርስቲያንስ ስትስቂ?»

ጓንቷን ጣት በጣት አወለቀች። «እዚያማ ይብሳል። ሁሉም ዝም ሲል እሱ እዚያው አለ አይደል? ያን የሚያክል ሆኖ፣ እዚያው አጠገቤ። እኔ ደግሞ ይኸው እንዲህ ነኝ። እንዳላስቀይመው እፈራለሁ። ደግሞ መምጣቱ ደስ ይለኛል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡብኝ ምን ላድርግ?»

ቄሱ የራሳቸውንም ጓንት አወለቁ። ከዚያ እንዲህ አሉ። «መቃብሩን ባዶ ያገኙት ሴቶች ፈርተውም ደስ ብሏቸውም ሮጡ ይባላል። እኔ ፍርሃቱን ለብቻ፣ ደስታውን ለብቻ ነበር የምሰብከው። እየሮጡ ምን ዓይነት ድምፅ ያወጡ እንደነበር አስቤ አላውቅም።» ተነሱና ኮታቸውን አራገፉ። «ሳቁን ያዢ አልልሽም። ሕፃኗን ያዢ።»

ከወጡ በኋላ ጋሼ «ማን ናቸው?» አለ።

«ቄሳችን።»

«አንተ አልኳቸው እኮ!» አለ ጋሼ፤ ወገቡም ተመልሶ ያዘው።

እትዬ ሥርዓትን ማስረዳት የቀረው ለቄሱ ነው። ቢሮ ጠርተዋቸው «ትቁም» አሏቸው።

«እግዚአብሔርን ሳትፈራ?»

«እኔ የእሷን ያህል ብፈራ ደስ ይለኝ ነበር እትዬ። ቅጣትን መፍራት ሁላችንም እናውቅበታለን፤ ሌባም ያውቅበታል። እሷ የምትፈራው ሌላ ነው።» ከዚያ ስለ መስታወቱ መናገር ጀመሩ። ‹የማን ግራ› የሚለው ላይ ሲደርሱ አልቻሉም።

«አባ!» አሉ እትዬ ሥርዓት። «እርስዎም?»

ቄሱ ጠረጴዛው ላይ አንገታቸውን ደፍተው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። እትዬ ሥርዓት ጠበቋቸው። የጠየቁት ጥያቄ አንድ ነው።

«ተሰበረ?»

«አልተሰበረም።»

እትዬ ሥርዓት ቦርሳቸውን አነሱ። «ከጎኗ እኔ እቆማለሁ» አሉ። «ከጣለቻት እቀልባታለሁ።»

የክርስትናው እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል። ሌላም ሕፃን ስለሚጠመቅ የማያውቋቸው ቤተሰቦችም አሉ። ከትከት ሕፃኗን ታቅፋ ቆመች። እትዬ ሥርዓት በስተቀኝዋ ሁለት እጃቸውን እንደ በረኛ ዘርግተዋል። ቄሱ ከትከትን ላለማየት ጣሪያውን እያዩ ጀመሩ።

«ሰይጣንን ትክጃለሽ?»

«እክ…» አለች። «እክዳ…» ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። ትከሻዋ፣ ጀርባዋ፣ ነጠላዋ ሳይቀር ሳቀ። ሕፃኗ እላይዋ ላይ እንደ ጀልባ መናጥ ነበረባት፤ ግን ክንዷ ላይ ቀጥ ብላ ተኝታለች።

ከኋላ አንድ ከረባት ያሰረ ሰው፣ የሌላኛው ሕፃን ዘመድ፣ ጎንበስ አለ። «ይቺ ሴት እግዚአብሔርን አትፈራም እንዴ?»

እትዬ ሥርዓት አንገታቸውን ብቻ አዞሩ። «ከአንተ ይልቅ ትፈራለች። ከረባትህን አስተካክል፤ ተጣሟል።»

ቄሱ ጥያቄውን ደገሙት። ድምፃቸው ዳር ዳሩ ላይ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁ ከትከት አየር ሳበች፤ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል።

«እክዳለሁ!» አለች፣ ግድግዳው እስኪመልሰው። የተካደው አካል እየተሳቀበት ሲካድ ምን እንደተሰማው አይታወቅም። ምእመኑ ግን ያን ያህል ከልብ ሲካድ ሰምቶ አያውቅም ነበር።

ውኃው ሲነካት ሕፃኗ ጮኸች። ከትከት በጩኸቷ ላይ ሳቀች። ሌላኛውም ሕፃን ተቀላቀለ። ቄሱ ቃሉን በትግል ጨረሱት። እትዬ ሥርዓት እጃቸውን መቼ እንዳወረዱት ማንም አላየም፤ ሲታዩ በሁለቱም እጃቸው ቦርሳቸውን ይዘው ዓይናቸውን ያርገበግባሉ።

ሁሉም ነገር ሲያልቅ እህቷ ፎጣ ይዛ መጣች።

«ስጪኝ» አለቻት።

«ቆይ።»

«ላደርቃት ነው እኮ።»

«እኔ አደርቃታለሁ። ፎጣውን አቀብዪኝ።»

«ርቧታል! ጡት ያለኝ እኔ ነኝ!»

«አውቃለሁ» አለች ከትከት፣ አሁንም እየተንፈቀፈቀች። ሕፃኗን ግን አልለቀቀችም። «ቆይ አልኩሽ።»